መጨረሻ ተከፋዩ፣ መጀመሪያ ተወቃሹ

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን አገሩ ሁሉ የትምህርት ባለሙያ ይሆናል። ቁጥሩ ይነገራል፣ ድንጋጤው ይከተላል፣ ከድንጋጤው ቀጥሎ ተጠያቂ ይፈለጋል። ተጠያቂውን ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው አለ። «መምህሩ አያስተምርም»፣ «መምህሩ ራሱ አያውቅም»፣ «የመምህሩ ልብ ሌላ ሥራ ላይ ነው» ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ይበርዳል። መምህሩ ወደ ክፍሉ፣ ተማሪውም ለአራት ወደሚቀመጥበት ዴስክ ይመለሳል።

ቁጥሮቹ ማስደንገጣቸው አይካድም። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ከ845 ሺህ ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ ተብሎ እንደ ምሥራች ተነገረ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ አብሮ ሊነበብ የሚገባው አንድ ሌላ ሰንጠረዥ አለ። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሚያስተምረው ሰው ደመወዙን በስንት ቀኑ፣ በስንት ወሩ፣ ከሙሉው ምን ያህሉን እንዳገኘ የሚያሳይ ሰንጠረዥ። እሱ ግን በመግለጫው ላይ ቀርቦ አያውቅም።

መንግሥት ምን እንደሚያከብር ማወቅ የፈለገ ሰው ንግግሩን ትቶ፣ እጅ ሲያጥረው የትኛውን ክፍያ እንደሚያሳድር ይመልከት። በዚህ አገር ገንዘብ ባነሰ ቁጥር እንዲያድር የሚፈረድበት የመምህሩ ደመወዝ ነው። ዛሬ በፈተና አዳራሽ የሚታየው ውድቀት ሥሩ እዚህ ውስጥ ነው።

◾ ማዳበሪያው የበላው ደመወዝ

በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሀዲያ ዞኖች የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። መምህራን ወር አልፎ ወር ሲተካ ደመወዝ ሳያዩ ቆዩ። አንዳንዱ ወረዳ ጨርሶ አልከፈለም። አንዳንዱ ከደመወዙ ላይ በመቶኛ እየቆነጠረ ሰጠ። መምህራኑ ሥራ ሲያቆሙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ልጆችም እቤት ዋሉ። ደመወዛቸውን በመጠየቃቸው የታሰሩ መምህራን እንደነበሩም በወቅቱ ተዘግቧል።

ገንዘቡ የት ገባ? ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ይገባል። ለገበሬው በዱቤ የሚከፋፈለው በባንክ ብድር ነው፤ ለብድሩ ዋስ የሚቆመው ክልሉ ሲሆን መያዣው የክልሉ በጀት ነው። አዝመራው ሳይሰምር ቀርቶ ወይም የተሰበሰበው ገንዘብ መንገድ ላይ ቀርቶ ዕዳው ሳይከፈል ሲያድር ከክልሉ በጀት ይቆረጣል። ክልሉ በተራው ከወረዳው ይቆርጣል። የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ከወረዳ ሠራተኞች ውስጥም በቁጥር የሚበዙት መምህራን ናቸው። እንግዲህ ከዚህ በጀት ላይ ሲቆረጥ ቢላው የማን ኪስ ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም።

ውጤቱ ይህ ነው፦ ማዳበሪያውን ያቀረበው ተከፍሎታል። ባንኩ ገንዘቡን አስመልሷል። ያልተበደረውን ብድር የከፈለው፣ ባላረሰው መሬት ዕዳ የገባው ግን የአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መምህር ነው።

ለምን እሱ? ስለሚቻል። የነዳጅ ሒሳብ ካልተከፈለ የወረዳው መኪና ይቆማል። የመብራት ካልተከፈለ መሥሪያ ቤቱ ይጨልማል። የመምህሩ ደመወዝ ቢያድር ግን በማግስቱ የሚቆም ነገር የለም። ደወሉ ይደወላል፣ ሰንደቅ ዓላማው ይሰቀላል፣ ስም ይጠራል። ጉዳቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ ደመወዙን ያሳደረው ሹም ሦስት ቦታ ተዛውሯል። ተማሪው ፊት የቀረውና ተወቃሹ መምህሩ ብቻ ነው።

◾ ጦርነቱም ሒሳቡን ለመምህሩ ላከ

ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ሲቆይ መምህራን ለ17 ወራት ደመወዝ አልተከፈላቸውም። አሥራ ሰባት ወር ማለት የቤት ኪራይ፣ የልጅ ወተት፣ የእናት መድኃኒት 17 ጊዜ ማለት ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት እነዚህ ሰዎች ወደ ፈረሰ ክፍል፣ ወንበር ወደሌለበት ግቢ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። ውዝፉን ግን «እናየዋለን» ተባሉ። ማኅበራቸው ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት ወስዶታል። ጦርነቱን የጀመሩት፣ ያዋጉትና ያስታረቁት ሁሉ የየራሳቸውን ወንበር ይዘዋል። መምህሩ እስከዛሬ የሚጠይቀው ሠርቶ ሊያገኝ ይገባው የነበረውን ነው፤ በዚያ ጊዜ ክፍሉ የተዘጋውም በእሱ ውሳኔ አይደለም።

በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሒሳብ ልኳል። ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ተናግሯል። ትምህርት ቤቱን ቢከፍት አንዱ ወገን ይጠይቀዋል፣ ቢዘጋ ሌላው። ተማሪ መዝግብ ይባላል፤ ስለመዘገበ ይጠየቃል። በሁለት ጠመንጃ መካከል ጠመኔ ይዞ የቆመ ሰው ማን ይሰማዋል? በዚህ መሀል የተገደሉ፣ የታገቱ፣ አገራቸውን ጥለው የወጡ መምህራን አሉ። የእነሱ ተማሪዎች ፈተና ሲወድቁ ግን በመግለጫው ላይ የሚነበበው መቶኛው ነው።

◾ ሁለት ጭማሪ፣ አንድ ምንዛሪ

«ደመወዝ እኮ ተጨምሯል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ተጨምሯል። መንግሥት ለ2018ቱ ጭማሪ ብቻ ተጨማሪ 160 ቢሊዮን ብር እንደሚያስፈልግ ተናግሯል፤ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ጭማሪው ግን ከምን ጋር እየተሯሯጠ እንደሆነ አብሮ ይታይ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ አሻቀበ፤ ዓመት ሲሞላ ከ130 ብር አልፎ ነበር። በጥቅምት 2017 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተስተካከለ፤ ዝቅተኛው ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በመስከረም 2018 እንደገና ተጨምሮ ዝቅተኛው 6,000፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ደረሰ።

11,500 ብር ሲባል ጆሮ ላይ ደህና ይመስላል። የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲነሳለት እጅ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር ገደማ ነው። ይኸው 11,500 ብር በቀድሞው ምንዛሪ 200 ዶላር ነበር፤ ጭማሪው በወጣበት ሰሞን ግን 80 ዶላር ገደማ ሆኗል። «መምህር በዶላር አይሸምትም» የሚል ይኖራል። ዘይቱ፣ የታክሲው ነዳጅ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ፣ የልጁ ደብተር ወረቀት ግን በዶላር የሚመጡ ናቸው። አከራዩም ቢሆን ጭማሪው በዜና በተነገረ ማግስት የኪራዩን ዋጋ ከፍ ለማድረግ ፔሮሉ እስኪወጣ አልጠበቀም።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። በ2017ቱ ማስተካከያ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደመወዝ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ የመጨረሻው ከፍተኛ ያደገው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ነበር፤ 5 በመቶ። ለዝቅተኛው ማሰብ ተገቢ ነው፤ ማንም አይቃወመውም። መሀል ላይ ያለው ግን ተጨፈለቀ። የመምህር የደረጃ ዕድገት መሰላል ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር፣ በተባባሪ መሪ መምህርና በመሪ መምህር አልፎ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይደርሳል። እዚያ ለመድረስ ዕድሜ ያልቃል። ሃያ ዓመት አስተምሮ የደረሰበት ደረጃና ትናንት የተቀጠረው ልጅ የቆመበት ሲቀራረቡ፣ መሰላሉ ለመውጣት የሚያጓጓ መሆኑ ይቀራል። ልምድ ያለው ይሄዳል፤ ወደ ግል ትምህርት ቤት፣ ወደ ድርጅት፣ ወደ ባጃጅ፣ ወደ ዓረብ አገር። ሄዶ የሚቀጥርለት ያላገኘው ይቀራል። ከዚያ «ጥሩ መምህር ጠፋ» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል።

◾ «ራሱ አያውቅም»

ይህኛው ክስ በጣም የተለመደው ነው፤ ስለዚህ በሙሉ ክብደቱ ይታይ። አዎ፣ የሚያስተምረውን ትምህርት በቅጡ የማያውቅ መምህር አለ። የሚቀር አለ። ክፍል ገብቶ «ምዕራፍ ሦስትን ጻፉ» ብሎ ስልኩ ላይ የሚያፈጥ አለ። በክፍል ያላስተማረውን በማካካሻ ስም ከሰዓት በኋላ በገንዘብ የሚያስተምር አለ። ይህን ወላጅ ያውቃል፣ ተማሪም ያውቃል፣ ራሱ መምህሩም ያውቃል። መሸፋፈን ማንንም አይጠቅምም።

ጥያቄው ግን ማን አመጣው ነው። ለዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ተፈትነው ወደ መሰናዶ ለመግባት ያልበቁ ልጆች ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይላኩ ነበር። ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣው ሐኪምና ኢንጂነር ይሆናል፣ ዝቅ ያለው የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ያስተምራል። ይህን ደንብ ያወጣው መምህር አይደለም። አንድ አገር የልጆቹን የመጀመሪያ ፊደል «ሌላ ቦታ ላልተሳካለት» ብሎ መድቦ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ መሠረቱ ለምን ላላ ብሎ ሲገረም ያስቃል። የዓለም ባንክ ባወጣው ስሌት በኢትዮጵያ የአሥር ዓመት ልጆች ከመቶ 90ዎቹ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እንግዲህ የ12ኛ ክፍሉ ውድቀት የተዘራው እዚያ ነው፤ ደመወዙ ዝቅተኛ፣ ክፍሉ የታጨቀ፣ መጽሐፉ ያልደረሰ በሆነበት የታችኛው ክፍል።

ሌላም ነገር አለ። ውጤቱ በ2014 በድንገት የወደቀ ይመስላል እንጂ የወደቀው ያን ዓመት አይደለም። ከዚያ በፊት ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ መልስ በስልክ ይሰራጭ ነበር። በግንቦት 2008 የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ እስከመሰረዝ ደርሷል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ፤ ኩረጃው ሲቀንስ እውነቱ ወጣ። ይህ ለሚኒስቴሩ ሊመሰገንበት የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ቁስሉን የሸፈነውን ጨርቅ መግለጥ አንድ ነገር ነው፣ ማከም ሌላ ነገር። ጨርቁ ከተገለጠ ዓመታት አለፉ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከደረጃ በታች መሆናቸውን ሚኒስቴሩ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጽሐፉ ቀድሞ ክፍል ገባ፤ መምህሩ የሌለ መጽሐፍ በስልኩ ፒዲኤፍ እያነበበ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ አስተማረ። ይህ ሁሉ ሆኖ ለመምህሩ በቅድሚያ የደረሰው የብቃት ፈተና ነበር።

መምህር መመዘኑ ክፋት የለውም። ተመዝኖ ሲያልፍ ምን ያገኛል? ሲወድቅስ ማን ያሠለጥነዋል? መዛኙ ራሱ በምን ይመዘናል? መልስ የሌለው ምዘና ማዋረጃ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

◾ አንድ ወቅት ይፈራ ነበር

የመምህሩ ደመወዝ እንዲያድር የሚደረገው መምህሩ ስለማይፈራ ነው ከተባለ፣ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልነበረ መታወስ አለበት። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ ከአገሪቱ አንጋፋ የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ያነሱት ሁለት ነገር ነበር፤ የራሳቸውን ደመወዝና «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ለውጥ ዕቅድ። ዕቅዱ የድሃውን ልጅ ከላይኛው ትምህርት ያስቀራል ብለው ተቃወሙ። በዚያው ቀን የታክሲ ሾፌሮችም በነዳጅ ዋጋ ሥራ አቆሙ። መንግሥቱ ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ከዚያ በኋላ የሆነው የሚታወቅ ነው። የዚያን ዘመን መምህር ስለራሱ ኪስ ሲናገር ስለተማሪው ዕጣ አብሮ ይናገር ነበር። ወላጅ ከጎኑ የቆመውም ለዚህ ነው።

ያን ድምፅ ሥርዓት ሁሉ ሊሰብረው ሞክሯል። በደርግ ዘመን ስንቱ መምህር ከክፍሉ ተወስዶ አልተመለሰም። በኢሕአዴግ ዘመን የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት በ1988 ታስረው 6 ዓመት በእስር ቆዩ። የማኅበሩ አመራር አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ስሙና ንብረቱ መንግሥት ለወደደው ወገን ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጣ መምህር ማኅበሩን የሚያውቀው በብዛት ከደመወዙ በሚቆረጠው መዋጮ ነው።

ሕጉም አላገዘውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኞች እንዲደራጁና ሥራ እስከማቆም ድረስ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከዚያ ግን የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች የዚህ መብት ተጠቃሚ እንደሚሆኑ «በሕግ ይወሰናል» ይላል። ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ 30 ዓመት አልፏል። ለመምህሩ ይህን መብት የሚሰጥ ሕግ እስከዛሬ አልወጣም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ይሻሻልልን ብለው ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ ታሰሩ። መምህሩ ያንን አይቶ የሚማረውን ተምሯል፤ ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በ2003 የህዳሴው ግድብ ሲጀመር የወር ደመወዙን ለቦንድ የሰጠው። በየጊዜው ለዚህም ለዚያም መዋጮ ሲባል ሳይጠየቅ ከፔሮሉ ላይ የሚቆረጥበት። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ መምህሩም ኮርቶበታል። አገር ስትጠይቀው ደመወዙን ያበደረ ሰው፣ ደመወዙን ሲጠይቃት «ታገሥ» ከተባለ፣ አበዳሪውና ተበዳሪው ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

◾ «ገንዘብ የለም»

የመጨረሻው መልስ ይህ ነው። አገሪቱ ድሃ ናት፤ ዕዳ አለባት፤ ጦርነት አለባት። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የቀረበው ጥያቄ ለድሃ አገርም የሚሆን ነው። መምህሩ በሀብታም አገር ደረጃ ይከፈለኝ አላለም። ካለው ላይ ማን በቅድሚያ ይከፈል ነው የተባለው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማት ገንዘብ አግኝቷል። የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ፣ የመንገድ ዳር መብራቱ፣ የዘንባባው ዛፍ በቀኑ ደርሷል። ከተማ ማማሩ ጥፋት አይደለም። መብራቱ በሰዓቱ የሚበራበት ከተማ ውስጥ ደመወዙ በሰዓቱ የማይገባለት መምህር ካለ ግን የድህነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቅደም ተከተል ጉዳይ ሆኗል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያትም ግልጽ ነው። ወሳኝ ቦታ ላይ ካሉት መካከል ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ስንቱ ነው? አቅም ያለው ወላጅ ተማርሮ ልጁን ወደ ግል ወስዷል፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ ስለክፍያ ጭማሪ የሚጮኸውም እሱ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የቀረው ለጉልበት ሠራተኛው፣ ለጉልት ነጋዴዋ፣ ለገበሬው ልጅ ነው። ድምፅ የሌለው ወላጅና ድምፅ የተቀማ መምህር አንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኙ፣ የዚያ ግቢ በጀት ቢቆረጥ የሚጮህ አይኖርም።

◾ ምን ይደረግ?

የሚያስፈልገው ነገር አይረቅም። አብዛኛው ከአንድ ደብዳቤና ከአንድ አዋጅ የሚያልፍ አይደለም።

አንደኛ፣ የመምህር ደመወዝ ለሌላ ዕዳ መያዣ እንዳይሆን በሕግ ይከልከል። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ክልል ከካፒታል በጀቱ ይክፈል፣ ከስብሰባውና ከመኪናው ይቀንስ፤ ከፔሮል ላይ ግን እጁን ያንሳ።

ሁለተኛ፣ በትግራይም ሆነ በደቡቡ ያደረ ውዝፍ ደመወዝ መጠኑ ተቆጥሮ፣ የሚከፈልበት ጊዜ በቀንና በወር ተጽፎ ይፋ ይሁን። «እናየዋለን» ቀን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የደመወዝ ስኬሉ የልምድን ዋጋ ይመልስ። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ሃያ ዓመት ማስተማሩ በፔሮሉ ላይ ይታይ። በየጊዜው በምሥራች መልክ ከሚታወጅ ጭማሪ ይልቅ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ የሚስተካከል ደመወዝ ይሻላል።

አራተኛ፣ ወደ መምህርነት የሚገባው ከላይ ካሉት ተማሪዎች ይሁን። ይህ በመፈክር አይመጣም። ጎበዝ ተማሪ መምህርነትን የሚመርጠው መምህሩ ጎረቤቱ ዱቤ ሲጠይቅ እያየ እስካደገ ድረስ አይደለም።

አምስተኛ፣ አንቀጽ 42 የቀጠረው ሕግ ይውጣ። መምህሩ ሳይታሰር የሚናገርበት፣ መሪውን ራሱ የሚመርጥበት ማኅበር ይኑረው። እንዲህ ያለ ማኅበር ደካማውን መምህር የሚደብቅ እንዳይሆን የሚፈራ ካለ፣ ሙያውን የሚያስከብር ነጻ ማኅበር ከማንም በላይ ሙያውን የሚያዋርደውን መምህር ለመጠየቅ ምክንያት እንዳለው ይወቅ።

ስድስተኛውና ዛሬውኑ ሊጀመር የሚችለው ይህ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲያወጣ አንድ ዓምድ ይጨምር። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ከጎኑ ይጻፍ፦ በዚህ ትምህርት ቤት መምህራን በዓመቱ ውስጥ ስንት ወር ደመወዝ ዘገየባቸው? ስንት የመማሪያ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ ደረሰ? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ ተቀመጠ? በግጭት ስንት ቀን ተዘጋ? ወረዳው ከበጀቱ ምን ያህሉ ለምን ዕዳ ተቆረጠበት?

መረጃው በየወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አለ። ሲደመር ያለ ጥርጥር የሚያሳፍር ሰንጠረዥ ይወጣል። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ መምህሩ ጥፋት ካለበት ይጠየቅ፤ ብቻውን ግን አይጠየቅም። ደመወዙን ያሳደረው፣ መጽሐፉን ያዘገየው፣ በጀቱን የቆረጠው ሰው ስምም በዚያው ገጽ ላይ ይነበባል። አገሩም በዚያ ሰሞን የሚደነግጥበት ሙሉ ምክንያት ያገኛል።